የተነቀሉት ሦስት በቆሎዎች

ዶክተር ጉልላት የሞተው አንድ ሰው ተጋድሞ እግሩን መዘርጋት በማይችልበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ሰኞ ጧት ሁለት ሰዓት ሲገኝ ጉልበቱን አጥፎ፣ ጉንጩን ከበሩ ሥር አስጠግቶ ነበር። አጠገቡ ትልቁ የፈሳሽ ናይትሮጅን ታንክ ክዳኑ ወልቆ ተጋድሟል፤ ባዶ ነው። ግድግዳው ላይ ያለችው የአየር ማውጫ ቬንትሌተር አትዞርም። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ቁመታቸው ክንድ የማይሞላ ሦስት በቆሎዎች ከነሥራቸው በትሪ ተቀምጠዋል፤ በየግንዳቸው ላይ በማሽን የታተመ መለያ ተለጥፏል።

ከቡሹሎ መንገድ ገባ ብሎ ባለው በዚህ የግል የሰብል ምርምር ማዕከል ውስጥ፣ ኮማንደር ሕዝቅያስ ሬሳውን አይቶ ለመጨረስ አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። ኢንስፔክተር ሮማንን ያስጠራትም ከዚያ በኋላ ነው፤ እንድትመረምር ሳይሆን እንድትፈርም።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አላት። «ይሄ ፈሳሽ ሲደፋ ጋዝ ይሆንና ክፍሉን ይሞላዋል፤ የምንተነፍሰውን አየር ገፍቶ ያስወጣዋል። ሰውዬው ትናንት እሑድ የበቆሎ ሥር ሊያቀዘቅዝ ገባ፣ ታንኩ ወደቀ፣ ታፈነ። ቬንትሌተሩ ቢሠራ ይተርፍ ነበር። የክፍሉን ኃላፊነት ፈርማ የተረከበችው የላቦራቶሪ ረዳቷ ናት። በቸልተኝነት ሰው መግደል ነው።»

«ማናት?»

«ሙንተሃ ትባላለች። ሬሳውን ያገኘችውም እሷው ናት። ይዘናታል፤ ነገ ስምንት ሰዓት ፍርድ ቤት ትቀርባለች።»

ሮማን ጓንት አጠለቀች። የቱላ ገበሬ ልጅ ናት፤ አርባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ስትናደድ ድምፅዋ የሚወርድ ሴት ናት። ጣቢያው ውስጥ ሲያንሾካሹኩባት «ሮማን ከጮኸች ሰላም ነው፣ ዝቅ ካለች ግን ሽሽ» ይላሉ። ከሬሳው አጠገብ ተንበርክካ ሁለቱን እጆች ገለበጠች። የሁለቱም ቡጢ ጠርዝ ጠቁሮ አብጧል፤ የቀኝ ትንሽ ጣቱ ቆዳ ተልጧል። ቀና ብላ በሩን አየችው፤ በደረት ቁመት ላይ የደረቀ የደም ጭረት አለ።

«ኮማንደር፣ ይሄ ሰው በሩን ደብድቧል።»

«ደንግጦ ነዋ።»

«በሩ ከውስጥ በእጀታ ይከፈታል። መቀርቀሪያው ያለው በውጪ በኩል ብቻ ነው። ያልተቆለፈ በር የሚደበድብ ሰው አይተው ያውቃሉ?»

ኮማንደሩ ሰዓቱን አየ። «ስሚ፣ የማዕከሉ ኃላፊ ዶክተር ሸዋንግዛው ትልቅ ሰው ናቸው። ከነገ ወዲያ ለሦስት መቶ የቱላ ገበሬዎች ‹ሥር አጋር› የሚባለውን፣ ማዳበሪያ ይተካል የተባለውን የፈንገስ ዱቄት ያከፋፍላሉ። ቴሌቪዥን ይመጣል። እዚህ ግቢ ውስጥ የነፍስ ግድያ የሚባል ነገር መስማት አልፈልግም።»

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። አንድ ማዕከል ሙሉ ዶክተር ተቀምጦበት፣ ካቴናው የገባው ጠርሙስ በምታጥበው ሴት እጅ ላይ ነው። ሮማን ትሪውን ከነበቆሎዎቹ አሽጋ ይዛ ወጣች፤ ወረቀቱ ላይ አልፈረመችም።

ጣቢያው በር ላይ ናዲያ የምትባል ወጣት የአራት ወር ሕፃን አቅፋ ቆማለች። የሙንተሃ እህት ናት። ሕፃኑ እየጮኸ ነው፤ ተረኛው ፖሊስ ደግሞ «ጠያቂ የሚገባው አሥር ሰዓት ላይ ነው» እያለ ነው።

«ይሄ ጠያቂ ነው?» አለች ሮማን፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ይሄ የራበው ልጅ ነው። አስገባት።»

ሙንተሃ ልጇን እያጠባች ነበር የተናገረችው። ሠላሳ ዓመት ይሆናታል። ዓይኗ አብጧል፤ ግን ካለቀሰችው የባሰ ተናዳለች።

«ቬንትሌተሩ ከተበላሸ አምስት ወሩ ነው። ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ሦስቱንም ዶክተር ሸዋንግዛው ‹ታይቷል› ብለው ፈርመውበታል። ታይቷል! አሁን ተጠያቂዋ እኔ ሆንኩ?»

«ደብዳቤዎቹ የት አሉ?»

«ግልባጩ መሳቢያዬ ውስጥ ነው።»

«ትናንት የት ነበርሽ?»

«ግሪን ሃውስ። እሑድ እሑድ ውሃ የማጠጣው እኔ ነኝ። ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ከዚያ አልወጣሁም። ፓምፑ ስለሚጮህ ምንም አልሰማሁም። ዶክተር ጉልላት ቢሮው ነበር። ዶክተር ሸዋንግዛው፣ አልአዛር፣ ደግሞ ዱቄቱን የሚያከፋፍለው ነጋዴ ሙክታር ግቢው ውስጥ ነበሩ። ሌላ ሰው አላየሁም።»

ሮማን በላስቲክ የታሸጉትን በቆሎዎች ጠረጴዛው ላይ አደረገችላት። ሙንተሃ አንድ ጊዜ አየቻቸውና ሕፃኑ እስኪደነግጥ ድረስ ጮኸች።

«ማነው እንዲህ የነቀለው?»

«ምናቸው ነው?»

«ክሩ የለም! ይዩት፣ ወፍራሙ ሥር ብቻ ነው ያለው። ፈንገሱ የሚገባው እንደ ክር በቀጠነው ሥር ነው። በቆሎን ጎትተው ከነቀሉት ክሩ እየተበጠሰ አፈር ውስጥ ይቀራል። ዶክተር ጉልላት ዙሪያውን ቆፍሮ፣ ከነአፈሩ አንሥቶ፣ ባልዲ ውስጥ ነክሮ ነው ቀስ ብሎ የሚያወጣው። አንድ ተማሪ ጎትቶ ነቅሎበት ሳምንት ሙሉ አላናገረውም። ይሄ የሱ ሥራ አይደለም። ሞቶም ቢሆን የሱ አይደለም።»

ሮማን ልጅ ሳለች አረም የምትነቅለው እንዲሁ እየጎተተች ነበር። አረም ግን ይጣላል እንጂ አይመረመርም። ይህንን ትሪ ያዘጋጀው ሰው ጉልላት ሥራ ላይ እያለ የሞተ ለማስመሰል ነው ያዘጋጀው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ማዕከሉ ተመለሰች። በረኛው ጋሽ ዓለማየሁ ወደ ግሪን ሃውሱ መሯት፤ ሽማግሌ ናቸው፣ ጉልላትን ሲያነሡ ድምፃቸው ይቆራረጣል።

«ሲገባ ጽፌያለሁ» አሉ። «ስድስት ሰዓት ላይ በሌላ ዘበኛ ተቀየርኩ። ያም ‹ወጥቶ ይሆናል› አለ። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ ማን ይፈልገዋል? ሌሊቱን እዚያ አደረ። እኔ ይሄን ስበላ ስጠጣ እንዴት ነው የምረሳው?»

ግሪን ሃውሱ ውስጥ ዘጠና ስድስት ማሰሮዎች አሉ። ሮማን አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው፤ በቆሎ የጎደለው አንድም የለም። ሁሉም የተተከሉት ነጭ አሸዋ ላይ ነው። በየግንዳቸው በእርሳስ የተጻፈ ካርቶን በክር ታስሯል።

«ለምን በእርሳስ ይጽፋል?»

«ቀለም ውሃ ይወስደዋል። የሚለጠፈው ደግሞ ያ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካው ይረግፋል። ይሄን እኔ እንኳ አውቃለሁ» አሉ ጋሽ ዓለማየሁ።

ትሪው ላይ ያሉት በቆሎዎች ሥራቸው ላይ የያዙት ቡናማ የሜዳ አፈር ነው። ሮማን በአጥር ወደተከበበው ሠርቶ ማሳያ ሄደች፤ ለገበሬዎች የሚታየው፣ «ሥር አጋር» የተደረገበት፣ ቴሌቪዥን የሚቀርጸው በቆሎ ያለው እዚያ ነው። ቁልፉ ቢሮው መተላለፊያ ላይ በምስማር ተንጠልጥሏል፤ ማንም ሊያነሣው ይችላል። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሦስት ትናንሽ ጉድጓዶች አገኘች። በቆሎው ከዚህ ነው የተነቀለው።

አልአዛር ላቦራቶሪው ውስጥ ነበር። ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው የጂን ተመራማሪ ነው፤ አመልካች ጣቱን በፋሻ ጠምጥሟል።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ምላጭ ነው። ሥር ስቆርጥ።»

«ሥራችሁን ለገበሬ ልጅ እንደሚያስረዳ ሰው አስረዳኝ።»

ስለ ሥሩ ሲጠየቅ ልጁ ትንሽ ፍርሃቱ ለቀቀው። «በቆሎ ፎስፈረስ ሲያጣ ይራባል። ሲራብ ውስጡ ያሉ ጂኖች ይነቁና በሥሩ በኩል ምልክት ይልካሉ፤ ፈንገሱ ያንን ተከትሎ ይመጣል። ተክሉ በር ይከፍትለታል። ፈንገሱ ከሩቅ ፎስፈረስ ያመጣለታል፣ እሱ ስኳር ይሰጠዋል። ፈንገሱ ውስጥ ሲገባ ብቻ የምትነቃ አንዲት ጂን አለች። እሷን ካየን ፈንገሱ ገብቷል ማለት ነው።»

«ተክሉ ካልተራበስ?»

«ማዳበሪያ ከጠገበ ጂኖቹ ይተኛሉ። በሩን ይዘጋል። ለምን እንግዳ ይቀልባል?»

«በሠርቶ ማሳያው በቆሎ ውስጥ ያቺ ጂን ነቅታለች?»

የልጁ ዓይን ወደ መሳቢያው ሄዶ ተመለሰ። «ውጤቱ... ገና ነው።»

ሙክታርን ያገኘችው አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር ባለው የዘርና የእርሻ መሣሪያ ሱቁ ውስጥ ነው። ወፍራም፣ ጢሙን ያሳመረ ሰው ነው።

«አርብ ዕለት ከዶክተር ጉልላት ጋር ተጯጩኻችኋል፤ በረኛው ሰምተዋል።»

«ሰው ሲሠራ ይጮኻል፣ እህቴ።»

«እሑድስ ለምን ሄዱ?»

«ለጉዳዬ ነዋ።» ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ። «ወላሂ እኔ ጉልላትን አልነካሁትም። ከዚህ በላይ አይጠይቁኝ።»

ዶክተር ሸዋንግዛው ቢሮአቸው ውስጥ ተቀበሏት። ሱፋቸው የተተኮሰ፣ ንግግራቸውም የተተኮሰ ነው። ግድግዳው ላይ ከባለሥልጣን ጋር የተነሡት ፎቶ ተደርድሯል፤ በአንዱም ላይ አፈር የለም። ከጠረጴዛው ሥር ቀኝ እግራቸው ጥቁር ቆዳ ጫማ፣ ግራው ግን ካልሲ ላይ የላስቲክ ሰንደል አድርጓል።

«ሪህ ነው» አሉ ዓይኗን ተከትለው። «ጉልላት ለኔ ወንድሜ ነበር። እኔ እሑድ ከዚህ ቢሮ አልወጣሁም፣ ሪፖርት እየጻፍኩ ነበር። ያቺ ልጅ... ከወለደች ወዲህ ሐሳቧ ተበታትኗል። ሰው ነው፣ ይሳሳታል። እኛ እንኳ ይቅር እንላት ነበር፤ ሕግ ግን ሕግ ነው።»

«ሦስት ጊዜ የጻፈችልዎትን አይተውታል፤ ‹ታይቷል› ይላል።»

«በቀን ስንት ወረቀት እንደምፈርም ቢያውቁ...»

«አንዱ ወረቀት ሰው ገድሏል፣ ዶክተር» አለች ሮማን። ድምፅዋ ከመውረዱ የተነሣ ሸዋንግዛው ጎንበስ ብለው ነው የሰሙት።

ማክሰኞ ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ሮማን ሁሉንም ሠርቶ ማሳያው አጠገብ አስቆመቻቸው። ሙንተሃን ከጣቢያ አስመጥታታለች። ኮማንደር ሕዝቅያስ ፊቱን አጨማዶ መጥቷል።

«አምስት ሰዓት ነው የቀረኝ» አለች ሮማን። «ስምንት ሰዓት ላይ ይቺ ሴት ዳኛ ፊት ትቆማለች። ከዚያ በፊት የዚህን በቆሎ ሥር ማየት እፈልጋለሁ። እያንዳንዳችሁ አንዳንድ አምጡልኝ። ሥሩን ነው የምፈልገው።»

«እኔ ነጋዴ ነኝ» አለ ሙክታር።

«ቢሆንም።»

ሙንተሃ ካቴናው ሲፈታላት መጀመሪያ ያደረገችው ባልዲ መፈለግ ነው። በመቆፈሪያ ዙሪያውን ፈልፍላ፣ ከነአፈሩ በሁለት እጇ ታቅፋ አነሣችው። አልአዛር በኪሱ የያዛትን ማንኪያ አውጥቶ ተንበረከከ፤ ጭንቅላቱን አፈሩ ላይ ደፍቶ ሩብ ሰዓት ፈጀበት። ሙክታር «ዶማ ስጡኝ» አለ። እንሰት ሲነቀል እያየ ያደገ ሰው ነው፤ እጅጌውን ሰብስቦ ግማሽ ሜትር ጉድጓድ ቆፈረና ላብ በላብ ሆኖ ይዞ መጣ።

ዶክተር ሸዋንግዛው ሰንደሏን እየጎተቱ ወደ ረድፉ ገቡ። ግንዱን በሁለት እጃቸው ያዙ፣ ወደኋላ ለጠጥ አሉና ነቀሉት። አፈሩን ሁለቴ አራገፉ።

«ይኸው» አሉ።

ሙንተሃ አፏን ከፍታ አየቻቸው። ሮማን ዓይኗን ጣል አድርጋባት ዝም አሰኘቻት።

ስድስት ሰዓት ላይ ሁሉም ላቦራቶሪው ውስጥ ተቀምጠዋል። ሙንተሃና አልአዛር በአንድ ፖሊስ ጥበቃ ሥር ሥሮቹን በኬሚካል ቀቅለው፣ በሰማያዊ የብዕር ቀለምና በአቼቶ ነክረው፣ ማይክሮስኮፕ ሥር አስቀምጠዋቸዋል። ከግሪን ሃውስ የመጣ አንድ ሥርም አብሮ አለ።

«ኮማንደር፣ መጀመሪያ የግሪን ሃውሱን ይዩ» አለች ሮማን።

ሕዝቅያስ ዓይኑን አስጠጋ። «ሰማያዊ ነገር... ቅርንጫፍ ያለው ዛፍ ይመስላል።»

«ያ ፈንገሱ ነው። አሁን የሠርቶ ማሳያውን ይዩ።»

«ባዶ ነው።»

«ሙንተሃ የቆፈረችው ባዶ፣ አልአዛር የቆፈረው ባዶ፣ አቶ ሙክታር የቆፈሩት ባዶ። ‹ሥር አጋር› የተደረገበት፣ በቴሌቪዥን ሊታይ የነበረው ለምለም በቆሎ ውስጥ አንድም ፈንገስ የለም። አልአዛር፣ ለምን?»

አልአዛር አንገቱን ደፋ።

«መሳቢያህን ልክፈተው ወይስ ትናገራለህ?»

«ማዳበሪያ ተደርጎበታል» አለ። «ብዙ። ጂኗ ተኝታለች። ካወቅሁ ሁለት ሳምንቴ ነው። ለጉልላት ብቻ ነገርኩት። ከዚያ... ዝም አልኩ። ኮንትራቴ ያልቃል ብዬ ፈራሁ።»

«ያልቃል ብለህ ፈራህ!» አለች ሙንተሃ። «ትናንት እጄን ሲያስሩኝ እዚያ ቆመህ ታይ ነበር!»

አልአዛር ፊቱን በፋሻ በተጠመጠመው እጁ ሸፈነ። ሮማን አላባበለችውም፤ ልታባብለው አልፈለገችም።

«እንግዲህ ከመጀመሪያው ልናገር» አለች። «ጉልላት በሩን ደብድቧል። በሩ ከውጪ ካልተቀረቀረ በቀር የሚደበደብ አይደለም። ስለዚህ አንድ ሰው ታንኩን ደፍቶ ወጣ፣ በሩን ቀረቀረው፣ ድብደባው እስኪያቆም ጠበቀ። ኋላ ከፍቶ ትሪውን አስቀመጠ፤ ሟቹ ናሙና እያዘጋጀ የሞተ እንዲመስል። አሁን ትሪውን እንመልከት። ናሙናው ለምን ከሠርቶ ማሳያው መጣ? ዘጠና ስድስት በቆሎ ያለው ግሪን ሃውስ አጠገቡ ነው። የመጣው ገዳዩ ግሪን ሃውስ መግባት ስላልቻለ ነው። ለምን አልቻለም? ሙንተሃ ውስጥ ነበረች። ሙንተሃ ራሷ ብትሆን ኖሮ እጇ ሥር ያለውን ትታ ሜዳ አትወጣም።»

ኮማንደሩ ወንበሩ ላይ ተመቻቸ።

«ሁለተኛ፣ መለያው። የታተመበት ቁጥር ትክክል ነው፤ ጉልላት በሪፖርቱ ላይ የሚጠቀምበት ነው። አቶ ሙክታር ይሄን ቁጥር ከየት ያውቁታል? ሱቅ ውስጥ አይሸጥ! ነገር ግን ናይትሮጅን የሚነካ ሥር ላይ የሚለጠፍ መለያ አይደረግም፤ በረኛው እንኳ ያውቃሉ። ሦስተኛ፣ በቆሎዎቹ ተጎትተው ነው የተነቀሉት። አልአዛር የሚፈልገው የቀጠነውን የሥር ጫፍ ነው፤ በእንቅልፍ ልቡም ቢሆን በቆሎ አይጎትትም። እንግዲህ ማን ቀረ? የሥር ናሙናን በወረቀት የሚያውቅ፣ በእጁ ግን የማያውቅ ሰው። ለዓመታት ሌላው ቆፍሮ፣ ሌላው አጥቦ፣ ሌላው ቆጥሮ ያመጣለት፣ እሱ የፈረመበት ሰው። ዶክተር ሸዋንግዛው፣ ዛሬ ጧት ሁላችንም ፊት በሁለት እጅዎ ነቀሉት።»

«ይሄ ማስረጃ ነው?» አሉ ሸዋንግዛው። ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «በቆሎ መንቀል ወንጀል ሆነ?»

ያን ጊዜ ሙክታር ተነሣ።

«እኔ ልናገር» አለ። «አርብ ዕለት ጉልላት ‹ይሄን ዱቄት ለገበሬ እንዳትሰጥ› አለኝ። ጮኽኩበት። ከዚያ ወስዶ ባዶውን ሥር አሳየኝ። ‹ገበሬው ተማምኖ ማዳበሪያ ቢተው ልጆቹ ምን ይበላሉ?› አለኝ። እሑድ የመጣሁት ለኚህ ሰውዬ ‹አላከፋፍልም› ልላቸው ነው። ‹ማን ነገረህ?› አሉኝ። የጉልላትን ስም ጠራሁ። እኔ ነኝ የጠራሁት! ሰኞ ሞተ ሲሉኝ... አፍሬ ነው የደበቅኩት። አላህ ይቅር ይበለኝ።»

«ውሸት ነው!»

«እንግዲያው ሰንደሉን ያውልቁት» አለች ሮማን። ድምፅዋ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። «ሠላሳ ሊትር የሚይዝ ታንክ እግር ላይ ሳይረጭ አይገለበጥም። ፈሳሹ ጫማ ውስጥ ከገባ ቆዳን እንደ እሳት ያቃጥላል፤ ውሃ ይቋጥራል። ሪህ እንደዚያ አያደርግም። የፖሊሱ ሐኪም በር ላይ ነው፤ ልጥራው?»

ሸዋንግዛው እግራቸውን ወንበሩ ሥር ሳቡት። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ያችን እግር አየ። ሐኪሙ ገብቶ ካልሲውን ሲገፈው፣ ከጣቶቹ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ቆዳው ነጭና ቢጫ ሆኖ ቋጥሯል።

«ላናግረው ነበር» አሉ ሸዋንግዛው። ያ የተተኮሰ ንግግር የለም። «‹ታንኩ እየፈሰሰ ነው› ብዬ ጠራሁት... ብቻችንን ላናግረው። አንድ ዓመት ታገሠኝ አልኩት። ፈንገሱ እኮ እውነት ነው! ግሪን ሃውስ ውስጥ አይታችሁታል! ሜዳ ላይ ግን ሦስት ዓመት ይፈልጋል፤ ማን ይጠብቀኛል? ትንሽ ማዳበሪያ ብቻ ነው ያደረግሁት፣ ሰው እንዲያምን። እሱ ግን ‹ረቡዕ ዕለት ገበሬው ፊት እናገራለሁ› አለኝ።»

«እና ቀረቀሩበት።»

ሸዋንግዛው ካልሲያቸውን መልሰው ሊያጠልቁ ጎንበስ አሉ።

«ስንት ጊዜ ደበደበ?» ስትል ጠየቀች ሙንተሃ። ተነሥታ ቆማለች። «በሩ ኋላ ቆመው ነበር አይደል? ስንት ጊዜ ደበደበ? ይንገሩኝ! አንድ ጊዜ እንኳ እጅዎ ወደ መቀርቀሪያው አልሄደም?»

ሸዋንግዛው ቀና ብለው አላዩአትም። ሁለት ፖሊሶች ግራና ቀኝ ይዘው ሲያስወጧቸው በአንድ እግራቸው እያነከሱ ነበር፤ ማንም አልደገፋቸውም።

ኮማንደር ሕዝቅያስ ኮፍያውን አንሥቶ ወደ ሙንተሃ ዞረ። «በቃ፣ ነፃ ነሽ። ወደ ቤትሽ መሄድ ትችያለሽ» አላት፤ ከኪሱ አውጥቶ የሚመጸውት ነው የሚመስለው።

ሙንተሃ ግን ተመልሳ ተቀመጠች። ናዲያ ያመጣችላትን ልጅ ተቀብላ አቀፈችው።

«አልሄድም» አለች።

«እ?»

«በእግሬ አልሄድም። ትናንት ቤቴን ልትፈትሹ ስትመጡ እጄ በካቴና ታስሮ ነበር። አዲስ ከተማ ሰው ሁሉ ወጥቶ አየኝ። አከራዬ፣ የእድራችን ሴቶች፣ የመስጊድ ጎረቤቶቼ። የሰፈሩ ልጆች ‹ሰው ገዳይ› እያሉ መኪናውን ተከትለው ሮጡ። ዛሬ ብቻዬን በባጃጅ ብገባ ‹ሰው አላት፣ አስፈቷት› ነው የሚሉኝ። ይሄ ልጅ የሚያድገው እዚያ ሰፈር ነው። በዚያው መኪና ትመልሱኛላችሁ። እርስዎ ራስዎ ይወርዳሉ። በቤቴ በር ላይ ቆመው ‹አልገደለችም› ይላሉ።»

«እኛ እኮ እንዲህ ያለ አሠራር የለንም» አለ ኮማንደሩ።

«ሲያስሯት ነበረዎት?» አለች ሮማን፣ በዚያችው በወረደች ድምፅ። የመኪናውን ቁልፍ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት።

ሰባት ሰዓት ሲሆን የፖሊሱ መኪና አዲስ ከተማ ገባ። ሙንተሃ ከኋላ ልጇን አቅፋ ተቀምጣለች። መኪናው ሲቆም እንደ ትናንቱ በሮች ተከፈቱ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውንና ሻርፓቸውን እያስተካከሉ ወጡ፤ ልጆቹ ከበቡ። ኮማንደር ሕዝቅያስ ወረደ። ጉሮሮውን ጠረገ፣ መሬት መሬት እያየ፣ ከንፈሩን ብዙም ሳያላቅቅ ተናገረው።

ሙንተሃ የመኪናውን መስታወት እስከ ታች አወረደች።

«አልሰሙም» አለች።

ኮማንደሩ ኮፍያውን አወለቀ፤ ቀና ብሎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ እንደገና ተናገረ።